የዝንብ ጠንጋራ ማወቅ ይጠቅማል
(በተመራቂዎች መገናኛ ላይ የቀረበ ንግግር)



አዘጋጆቹ «መተማ የሠራሽ ስለሆንሽ ስለ ቆላው ጤና አንድ ነገር ንገሪን» ሲሉኝ፣ ርእሴ ዝንብ ነው አልኳቸው። ሳቁ። አልፈርድባቸውም። በአገራችን ንግግር ዝንብን ለይቶ ማወቅ የሚነሳው ለፌዝ ነው። አዋቂ ነኝ ባይ ሲበዛብን «እሱማ የዝንብ ጠንጋራ አውቃለሁ ባይ ነው» እንላለን። እኔ ዛሬ የመጣሁት ለዚያ ሰውዬ ጥብቅና ልቆም ነው። በመተማ ቆላ ጠንጋራዋን መለየት ባይቻል እንኳ፣ ዝንቧ ከየትኛው ቤተሰብ እንደሆነች ማወቅ ሰው ያድናል።

ነገሩ እንዲህ ነው። በአማርኛ ለእነዚህ በራሪዎች ያሉን ዋና ቃላት ሁለት ናቸው፤ ዝንብና ትንኝ። ቢንቢ የሚሉም አሉ፣ እሱም ከትንኝ ይደመራል። የቀረውን ቅጽል እየጨመርን እንጠራለን፦ የወባ ትንኝ፣ ጥቁር ዝንብ፣ የገንዲ ዝንብ፣ የአሸዋ ዝንብ። ለዕለት ኑሮ ይህ ይበቃል። ወባ፣ ካላ አዛር፣ ኦንኮ እና ትራኮማ ለሚያሰጉት ምድር ግን አይበቃም። አራቱንም በሽታዎች የሚያመላልሱት ባለ ሁለት ክንፍ በራሪዎች ናቸው፤ ቤተሰባቸው ግን አራት ነው። አንዷ የምትፈለፈለው በቆመ ውኃ፣ ሁለተኛዋ በአፈር ውስጥ፣ ሦስተኛዋ በሚጋልብ ወንዝ፣ አራተኛዋ ሜዳ ላይ በተጣለ ዓይነ ምድር ነው። አንዷን የሚከለክለው ነገር ሌላዋን አይከለክልም። ቤተሰቧን ያወቀ ሰው የት እንደምትወለድ፣ በስንት ሰዓት እንደምትነክስና ምን እንደሚያስቆማት አብሮ ያውቃል።

ክንፍና አንቴና

እስቲ ከመጀመሪያው እንነሳ። ዝንብ ማለት ምንድን ነች? መልሱ ቀላል ነው፤ ክንፏን ቁጠሩ። ንብ፣ ተርብ፣ ቢራቢሮ፣ ዝናብ ሲመጣ የሚበረው ክንፋም ምስጥ፣ ሁሉም አራት ክንፍ አላቸው። የዝንብ ወገን ያላት ሁለት ብቻ ነው። የኋለኞቹ ሁለቱ ክንፎች ተለውጠው፣ በቦታቸው ጫፋቸው ድቡልቡል የሆነ የከበሮ መምቻ የሚመስሉ ጥቃቅን ዘንጎች ቀርተዋል። በበረራ ጊዜ እየተርገበገቡ ሚዛኗን ይጠብቁላታል። ዝንብ አየር ላይ ድንገት ተጠማዛ ከእጃችን የምታመልጠው በእነሱ እርዳታ ነው። ዲፕተራ የሚለው ሳይንሳዊ ስምም ከግሪክኛ የመጣ ሲሆን ሁለት ክንፍ ማለት ነው። እስካሁን ስም የወጣላቸው ዝርያዎች ከ150,000 በላይ ናቸው፤ ቤተሰቦቹም ከ150 ይበልጣሉ። አይዟችሁ፣ እኔ የማነሳው ስምንቱን ብቻ ነው።

ክንፏን ከቆጠራችሁ በኋላ አንቴናዋን ተመልከቱ። አንቴናዋ ብዙ አንጓ ያለው ረጅም ክር ከሆነ፣ ሰውነቷም ቀጭን፣ እግሯም ረጃጅም ከሆነ ከትንኞቹ ጎራ ናት። አንቴናዋ አጭር፣ አንጓው ጥቂት፣ ሰውነቷ ደንዳና ከሆነ ደግሞ ከዝንቦቹ ጎራ ናት። ዛሬ በዘር ሐረግ ጥናት የተራቀቁት ሊቃውንት፣ የትንኞቹ ጎራ አንድ ግንድ ሳይሆን የብዙ ቅርንጫፍ ስብስብ እንደሆነና ዝንቦቹም ከዚያው ውስጥ እንደወጡ ይነግሩናል። ልክ ናቸው። ለመስክ ሥራ ግን አሮጌው ክፍፍል ዛሬም ያገለግላል። የሚገርመው፣ ሁለቱ የአማርኛ ቃሎቻችን ማንም ሳያስተምራቸው ከዚህ ክፍፍል ጋር መግጠማቸው ነው። ገበሬው ትንኝ ያለው ትንኝ፣ ዝንብ ያለው ዝንብ ነው። ስሕተቱ የመጣው በኋላ፣ እኛ የተማርነው ከውጭ ቋንቋ ስንተረጉም ነው። ወደዚያ እመለሳለሁ።

የትንኞቹ ጎራ

የመጀመሪያው ቤተሰብ የወባ ትንኝ ያለችበት ኩሊሲዴ ነው። መለያዋ ከራሷ ወደ ፊት የሚወጣው ረጅም መርፌና በክንፏ ሥሮች ላይ የተደረደረው ቅርፊት ነው። ልጆቿ የሚያድጉት በቆመ ውኃ ነው። የምትነክሰው ሴቷ ብቻ ናት። ወንዱ አንቴናው እንደ ላባ የተንዠረገገ ስለሆነ በዓይን ይለያል፤ እሱ የአበባ ወለላ ጠጥቶ ያድራል። በቤተሰቡ ውስጥ ደግሞ አኖፊለስን ከሌሎቹ የሚለያት አቀማመጧ ነው። ግድግዳ ላይ ስታርፍ ጭራዋን ቀስራ፣ ጭንቅላቷን ደፍታ ነው። ኩሌክስና ኤዲስ ከግድግዳው ጋር ትይዩ ሆነው ይቀመጣሉ። ኤዲስ ጥቁር ሆና እግሯ ላይ ነጫጭ ቀለበት አላት፤ በቀን ትነክሳለች፣ ደንጊና ቺኩንጉንያ ታመጣለች።

እዚህ ላይ ዝርያ መለየት ምን ያህል ዋጋ እንዳለው የሚያሳይ ቅርብ ምሳሌ አለን። ለብዙ ዘመን የአገራችን ዋና የወባ ትንኝ አኖፊለስ አራቢየንሲስ ናት፤ የዝናብ ኩሬ ወዳድ፣ የገጠር ትንኝ። በ2016 እ.ኤ.አ. ቀብሪደሃር ላይ የተሰበሰቡ ትንኞች ሲመረመሩ ግን አኖፊለስ ስቴፌንሲ ተገኘች። ይህች የእስያ ከተሜ ናት፤ በርሜል፣ ታንከር፣ የግንባታ ውኃ ማጠራቀሚያ ይበቃታል። በ2022 እ.ኤ.አ. ድሬዳዋ ላይ የተነሳው የወባ ወረርሽኝ ከእሷ ጋር የተያያዘ መሆኑ ታውቋል። «ትንኝ ያው ትንኝ ናት» ብሎ ያለፈ ሰው ቢሆን ኖሮ፣ ከተማ ውስጥ በደረቅ ወራት ወባ ለምን እንደመጣ ግራ እንደገባው ይቀር ነበር።

ሁለተኛው ቤተሰብ ሲሙሊዴ፣ ጥቁር ዝንብ የምንላት ናት። ትንሽ፣ ጥቁር፣ ጀርባዋ የጎበጠ፣ ክንፏ ሰፊ ናት። አንቴናዋ አጭር ስለሚመስል ዝንብ ትባል እንጂ፣ አንጓዎቹን ስትቆጥሯቸው ከትንኞቹ ጎራ ናት። የቆመ ውኃ አትወድም። ልጆቿ በሚወርድ ወንዝ ውስጥ ድንጋይና ቅጠል ላይ ተጣብቀው ነው የሚያድጉት፤ የሚጋልበው ውኃ አየር ያመጣላቸዋል። የምትነክሰው በቀን፣ ከወንዝ ብዙም ሳትርቅ ነው። ወንዝ የሚወርዱ ሴቶች፣ ዓሣ አጥማጆችና እረኞች ዒላማዎቿ ናቸው። ኦንኮን፣ ማለትም ቆዳን የሚያሳክከውንና በመጨረሻ ዓይን የሚያጠፋውን ትል የምታመላልሰው እሷ ናት።

ሦስተኛው ቤተሰብ ሳይኮዲዴ ነው። የካላ አዛሯ ያለችው እዚህ ነው። ቁመቷ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ የወባ ትንኝ ሲሶ ያህል ብትሆን ነው። ቀለሟ አቧራማ ቢጫ፣ መላ አካሏ ጸጉራም፣ ዓይኗ ጥቁር ጎላ ያለ ነው። ዋናው ምልክቷ ክንፏ ነው። የወባ ትንኝ ስታርፍ ክንፏን ጀርባዋ ላይ ታጥፋለች፤ ይህች ግን አርፋም ሁለቱን ክንፎች እንደ ተከፈተ መጽሐፍ ወደ ላይ አቁማ ትቆያለች። በረራዋ ደካማ ነው፤ ብድግ ቁጭ፣ ብድግ ቁጭ ትላለች። ደግሞም ድምፅ የላትም። የወባ ትንኝ ቢያንስ ጆሯችን ላይ አቀንቅና ነው የምትመጣው። ይህች ሳታሰማ ነክሳ ትሄዳለች።

የዝንቦቹ ጎራ

ከዝንቦቹ ጎራ መጀመሪያ ታባኒዴን ላንሳ። ከብትና ፈረስ የምታስበረግገው፣ ዓይኗ ትልቅና የሚያብረቀርቅ፣ ትልቋ ነካሽ ዝንብ ናት። አትወጋም፤ ቆዳውን ቆርጣ የሚወጣውን ደም ትልሳለች። ቁስሏ ስለሚያም ከብቱ ያባርራታል፤ ምግቧን ሳትጨርስ ወደ ሌላው ከብት ስትሄድ በአፏ ላይ የቀረው ደም በሽታ ይዞ ይሻገራል።

ሙሲዴ የቤት ዝንብ ቤተሰብ ነው። የቤት ዝንብ አትነክስም፤ አፏ እንደ ስፖንጅ የሚመጥ ነው። በደረቷ ጀርባ ላይ አራት ጥቁር መስመር አላት። እሷን የምትመስል፣ ግን ሁለት ሰፋፊ መስመር ብቻ ያላት እህት አለቻት። በሕፃናት ዓይን ላይ ተደርድራ ዓይናር የምትልሰው በአብዛኛው ይህች እህቷ ናት። ሙስካ ሶርበንስ ትባላለች፤ ከትራኮማ ጋር ስሟ የሚነሳው እሷ ናት። የምትፈለፈለው በተለይ ሜዳ ላይ በወደቀ የሰው ዓይነ ምድር ነው፤ በሽንት ቤት ጉድጓድ ውስጥ አይሆንላትም። እንግዲህ «ዝንቡን ግደሉ» ከማለት ይልቅ ሽንት ቤት መቆፈር ለምን እንደሚያዋጣ በዚህ ይገባናል። ከዚሁ ቤተሰብ ሦስተኛዋ ስቶሞክሲስ፣ የበረት ዝንብ፣ የቤት ዝንብ መስላ ትመጣና በመርፌዋ ትወጋለች። «የቤት ዝንብ ነከሰችኝ» የሚል ሰው ሲመጣ የነከሰችው እሷ ናት።

ግሎሲኒዴ የገንዲ ዝንብ ቤተሰብ ነው። ስታርፍ ክንፎቿን እንደ መቀስ አንዱን በሌላው ላይ ታደርባለች፤ መርፌዋ ወደ ፊት የቀና ነው። እንቁላል ጥላ አትሄድም፤ አንዲት እጭ በሆዷ አሳድጋ ትወልዳለች። ወንዱም ሴቷም ደም ይመጣሉ። የምትኖረው በደቡብ ምዕራብና በምዕራብ ቆላ ሸለቆዎች ነው። ጣና ዙሪያ እሷ ሳትኖርም ከብት በገንዲ ወገን በሽታ ሲታመም ታይቷል። እዚያ በአፋቸው ደም አሻጋሪ ተብለው የተጠረጠሩት ከላይ ያነሳኋቸው ታባኒዴና ስቶሞክሲስ ናቸው። ስለዚህ ለገንዲ ዝንብ የተሠራ ወጥመድ ይዞ ጣና ዳር መውረድ ትርፉ ድካም ነው።

የመጨረሻዎቹ ሁለት ቤተሰቦች፣ አረንጓዴና ሰማያዊ እያብረቀረቁ ሥጋና ቁስል የሚከቡት ካሊፎሪዴና በበግ አፍንጫ ውስጥ እጫቸውን የሚጥሉት ኦስትሪዴ ናቸው። እነዚህን ለእንስሳት ሐኪም ጓደኞቻችን ልተውላቸው።

ስሟ ያሳሳተን

አሁን ወደ ሦስተኛዋ ልመለስ። በጤና ትምህርታችን፣ በፖስተራችን፣ በሬዲዮ ማስታወቂያችን «የአሸዋ ዝንብ» እንላታለን። መተማን የምታውቁ ፍረዱ፤ እዚያ አሸዋው የት አለ? በ1881 ዓ.ም. እዚያው የወደቁትን የአፄ ዮሐንስ 4ኛን ስም ከያዘችው ከተማ ተነስታችሁ ወደ ሰሊጡና ወደ ማሽላው እርሻ ስትወጡ የምትረግጡት ዋልካ ነው፤ ሌላ አገር መረሬ የሚሉት። ሲዘንብ እግር ይዞ የሚያስቀር፣ ሲደርቅ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ የሚከፍት ጥቁር አፈር። ፍሌቦቶመስ ኦሪየንታሊስ የተባለችው የእኛዋ ነካሽ ቤቷ ይህ ነው። ቀን በስንጥቁ ውስጥና በዛፍ ሥር ተጠልላ ትውላለች። ሲመሽ ትወጣለች። ግራርና ሱዳኖች ፍሬውን ላሎብ የሚሉት ዛፍ በዋልካ ላይ አብረው ከበቀሉ፣ እሷም እዚያ አለች ብላችሁ ብትጠረጥሩ አትሳሳቱም። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ሱዳን ውስጥ የሠሩ ተመራማሪዎች ከካላ አዛር ጋር ያያዟት በዚሁ ዓይነት ጫካ ውስጥ አግኝተዋት ነው።

እንግዲህ ስሟን ሁለት ላይ ክፈሉት። «የአሸዋ» የሚለው ለመተማ ልክ አይደለም፤ የዋልካ ናት። «ዝንብ» የሚለውም ልክ አይደለም፤ አንቴናዋን ያየ ከትንኞቹ ጎራ መሆኗን ያውቃል። ስምን ማቃናት የቋንቋ ነገር ብቻ መስሎ ከታያችሁ፣ ራሳችሁን በአንድ ወጣት ቦታ አስቀምጡ። ከበለሳ ወይ ከጋይንት ለሰሊጥ አረም የወረደ ነው። «ከአሸዋ ዝንብ ተጠንቀቅ» ተብሏል። እሱም ይጠነቀቃል፤ ወንዝ ዳር ያለው አሸዋ ላይ አይተኛም! ዝንብ የሚያውቀውም በቀን ነው፤ ማታ ዝንብ ተኝታለች ብሎ ያምናል። ስለዚህ ነፋሻ ነው ብሎ ከግራሩ ሥር፣ በዋልካው ላይ ላስቲኩን አንጥፎ ያድራል። የነገርነውን ቃል በቃል አክብሮ ነው የሚነከሰው።

በሑመራ በተደረገ ጥናት ማታ ከግራር ሥር ማደር ለበሽታው እንደሚያጋልጥ፣ አጎበር መጠቀም ደግሞ እንደሚከላከል ታይቷል። አጎበር ስል ግን ልዩነት አለ። በእሷ መጠን ያለች ነፍሳት በተራው የወባ አጎበር ቀዳዳ ሾልካ ልትገባ ትችላለች፤ የሚያግዳት ኬሚካሉ ነው። ኬሚካሉ ታጥቦ ያለቀ አጎበር ለወባ ትንኝ አጥር፣ ለእሷ ግን ክፍት በር ነው። ቀዳዳው የጠበበ፣ ኬሚካል የተነከረ አጎበር ይሻላል። ከመተማ ማዶ በገዳሪፍ ግዛት ከ1999 እስከ 2001 እ.ኤ.አ. ከ100,000 በላይ እንዲህ ያለ አጎበር ታድሎ፣ የካላ አዛር ሕሙማን ቁጥር ከግማሽ በላይ እንደቀነሰ ተገምቷል። የቤት ውስጥ ርጭት ደግሞ ቤት ውስጥ ገብታ ግድግዳ ላይ ለምታርፍ ትንኝ ነው የተበጀው። የመተማዋ በብዛት የምትነክሰው ውጭ ነው። የሚያድረው ሠራተኛም ውጭ ነው። የሚረጭ ግድግዳ የለውም።

ደጋ ላይ ለምትሠሩት

«እኛ ቆላ አንሠራም፣ ምን አገባን» የምትሉ ትኖራላችሁ። በሽታው ከንክሻው በኋላ ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 6 ወር ተደብቆ ይቆያል። ነካሿ መተማ ናት፣ በሽተኛው ግን እናንተ ጋ ነው የሚመጣው። ሰሊጡ ታጭዶ፣ ደመወዙን ይዞ፣ ወደ እናቱ ቤት ከተመለሰ በኋላ ይታመማል። ሁለት ሳምንት ያለፈ ትኩሳት፣ የከሳ ሰውነት፣ የገረጣ ዓይን፣ ያበጠ ጣፊያ። የወባ መድኃኒት ይሰጠዋል፣ አይሻለውም፤ ይደገማል፣ አይሻለውም። ካልታከመ ካላ አዛር ከመቶ ከ95 በላይ የሚሆኑትን ይገድላል።

ይህ በአንድ በሽተኛ ብቻ የደረሰ አይደለም። በ1997 ዓ.ም. በሊቦ ከምከምና በፎገራ ሰው በትኩሳት ሲያልቅ መጀመሪያ የተጠረጠረው መድኃኒት የተላመደ ወባ ነበር። ካላ አዛር በቆላ ብቻ የሚታወቅ በሽታ ስለነበር፣ 2,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ማንም አልጠበቀውም። አዲስ ዘመን ላይ ሕክምና ተከፍቶ በሁለት ዓመት ገደማ ውስጥ ከ2,000 በላይ ሰዎች ታከሙ። ወደ ሑመራና መተማ ለሥራ ወርደው የተመለሱ ሰዎች ጥገኛውን ይዘውት ሳይመጡ እንዳልቀረ ይታመናል። ግን ጥገኛው ብቻውን ከሰው ወደ ሰው አይሄድም። ተሸካሚዋ እዚያ ነበረች። የነፍሳት ባለሙያዎች ፈልገው ያችኑ ፍሌቦቶመስ ኦሪየንታሊስን አገኟት፤ የፎገራ ሜዳም ዋልካ ነው። አፈሩን ያየ ሰው በሽታው ሳይመጣ ሊጠረጥራት ይችል ነበር ማለት ነው።

ደግሞ ሁሉም የሳይኮዲዴ ወገን የዋልካ ነዋሪ እንዳይመስላችሁ። በደቡብ፣ በኮንሶ አካባቢ ካላ አዛርን የሚያመላልሱት ፍሌቦቶመስ ማርቲኒና ፍሌቦቶመስ ሴሊየ ናቸው፤ የእነሱ መጠለያ የምስጥ ኩይሳ ነው። በደጋው ቁንጭር የምንለውን የፊት ቁስል የሚያመጡት ፍሌቦቶመስ ሎንጊፔስና ፍሌቦቶመስ ፔዲፈር ናቸው፤ የእነሱ ሰፈር የገደል ዋሻና የድንጋይ ስንጥቅ፣ ሽኮኮ የሚኖርበት ነው። አንድ ቤተሰብ፣ ሦስት ዓይነት ቤት። ስለዚህ ወጣቱን «ከየት መጣህ?» ብላችሁ አትቁሙ። «የት ታድር ነበር? ከሥርህ ምን ዓይነት አፈር ነበር? ዛፉስ?» በሉት። የጣፊያውን ያህል ይህ ጥያቄ ይመራችኋል። ከዚያ የአርኬ 39 ምርመራ ወዳለበት ላኩት። ሕክምናው ብዙውን ጊዜ በየቀኑ ሁለት ሁለት መርፌ ለ17 ቀናት ነው። ኤች አይ ቪ ከተደረበበት ደግሞ ሕክምናው ይለያል፣ በሽታውም የመመለስ ዕድሉ ይጨምራል። ያንን ሁሉ የምታመጣው ድምፅ የሌላት 3 ሚሊ ሜትር ነፍሳት ናት።

የታወቀችው ተሸነፈች

አሳዝኜያችሁ እንዳልሄድ፣ ከዚያው ከመተማ ደስ የሚል ነገር ልንገራችሁ። ጥቁር ዝንብን አስታውሱ። መተማና ማዶ ያለችው የሱዳኗ ጋላባት አንድ የኦንኮ ቀጠና ናቸው፤ ዝንቧ ድንበር አታውቅም፣ ወንዞቹም ከእኛ ወርደው ወደ እነሱ ይገባሉ። ሁለቱ አገሮች አይቨርሜክቲን የተባለውን መድኃኒት ለሕዝቡ ሲያድሉ ቆይተው በመጨረሻ ሁለት ነገር መረመሩ፤ የሕፃናትን ደምና የዝንቧን አካል። ዝንቧን ከወንዝ ዳር ለቅመው፣ ለይተው፣ ትሉ በውስጧ አለ ወይስ የለም ብለው በላቦራቶሪ ፈተሹ። በ2012 ዓ.ም. በታተመው ሪፖርት በጋላባትና መተማ ቀጠና የበሽታው መተላለፍ መቋረጡ ተገለጸ። ሁለት አገሮች ተቀናጅተው የኦንኮን መተላለፍ በማቋረጥ በአፍሪካ የመጀመሪያው ተባለለት። ወንዞቹ አሁንም ይወርዳሉ፣ ዝንቧም አለች። ይህ ድል ያለ ነፍሳት ባለሙያ አይረጋገጥም ነበር። በመተማ በኩል ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ የሱዳንን ጦርነት ሸሽቶ ስንት ሰው እንደተሻገረ ታውቃላችሁ። ሰው ሲንቀሳቀስ ጥገኛው አብሮ ይንቀሳቀሳል። ዝንቧን መመርመር ዛሬም የሚቆም ሥራ አይደለም።

ምን እናድርግ?

ይህ ትምህርት ቤት በ1947 ዓ.ም. ሲከፈት ያሰለጠናቸው ሦስት ዓይነት ሰዎችን ነበር፤ ጤና መኮንን፣ የኅብረተሰብ ነርስና ሳኒታሪያን። አንዱ በሽተኛውን፣ አንዷ ቤተሰቡን፣ አንዱ አካባቢውን ያያሉ። ሦስቱ አብረው ነበር ወደ ወረዳ የሚወጡት። ዛሬ በሽተኛውን የምናይ በዝተናል፤ አፈሩንና ውኃውን የሚያይ አነሰ። ስለዚህ ሦስት ነገር እለምናችኋለሁ።

አንደኛ፣ ስሟን እናቃና። እኔ መተማ ላይ ለታካሚዎቼ «የዋልካ ትንኝ» እላቸዋለሁ። ወዲያው ይገባቸዋል፤ ማታ እንደምትወጣ፣ መሬት መሬቱን እንደምትል፣ አጎበር እንደሚያስፈልጋት ሌላ ማብራሪያ አይጠይቁም። ኮንሶ ላይ የሚሠራ ደግሞ የኩይሳ ትንኝ ቢላት ይሻላል። ሳሉግ የምንላቸው፣ ከእርሻ እርሻ እየዞሩ ዓመቱን ሙሉ ቆላ የሚኖሩት ሠራተኞች አካባቢውን ከእኛ በላይ ያውቁታል። ፖስተር ከማተማችን በፊት እነሱን እንጠይቅ።

ሁለተኛ፣ እንያት። ውድ ነገር አያስፈልግም። ነጭ ወረቀት የሰሊጥ ዘይት ቅቡና ሲመሽ ዋልካው ስንጥቅ አጠገብ ትከሉ፤ ጠዋት ተጣብቃ ታገኟታላችሁ። ተመራማሪዎችም ይህንኑ ነው የሚያደርጉት። መተማ ደግሞ የሰሊጥ ዘይት አይቸግርም። በአንዲት የእጅ ማጉሊያ ጸጉሯንና የቆመ ክንፏን ማየት ይቻላል። ዝርያዋን በማይክሮስኮፕ ለይቶ መናገር የባለሙያ ሥራ ነው፤ ቤተሰቧን መለየት ግን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛም፣ የእርሻ ካምፕ ኃላፊም ይችላል። እያንዳንዱ የድንበር ጤና ጣቢያ ስምንቱን ቤተሰቦች በመርፌ ተሰክተው የያዘች አንዲት ትንሽ ሣጥን ቢኖረው፣ ከብዙ ፖስተር ትበልጣለች።

ሦስተኛ፣ በእርሻ ልማት ላይ ያላችሁ ተመራቂዎች፣ ባለሀብቱን የምታማክሩ፣ ውሉን የምታዩ ሁሉ፦ ሠራተኛው የሚያድርበት ዳስ ከግራሩ ራቅ ይበል፣ ኬሚካሉ ያላለቀ አጎበርም ከአካፋና ከማጭድ ጋር ይቆጠርለት። ወጪው ትንሽ ነው። 17 ቀን አልጋ ላይ ከሚተኛ ሠራተኛ፣ ይልቁንም ጨርሶ ከማይነሳው፣ ያንሳል።

የወባ ትንኝ ወባን እንደምታመላልስ በ1897 እ.ኤ.አ. ታወቀ። የካላ አዛር ጥገኛ በ1903 እ.ኤ.አ. ተገኘ፤ ተሸካሚዋ በሙከራ የተረጋገጠችው ግን በሕንድ በ1942 እ.ኤ.አ. ነው፣ ወደ 40 ዓመት ገደማ ቆይቶ። በዚያ መካከል ስንት ሰው እንደሞተ ገምቱ። እኛ ዛሬ ያ ሰበብ የለንም። ማን እንደሆነች፣ የት እንደምትኖር፣ በስንት ሰዓት እንደምትወጣ እናውቃለን። የቀረን ለሚተኛባት ሰው በሚገባው ስም መንገር ነው፤ እሱም ሰሊጡ ሳይታረም፣ ዘንድሮ።